ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው መድረክ፤ ዕረፍቱስ የት ገባ?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችሁን በቀጥታ የማይመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየሰፈሩ ጂም ቤት ከመብዛቱ የተነሣ ብረት የሚገፋ ወንድም፣ ልጅ ወይም የእህት ልጅ የሌለው ቤት እየጠፋ ነው። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ሰውነታቸውን ገንብተው ለውድድር መድረክ ላይ ይወጣሉ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነዚህ ጥቂቶች ነው፤ በተለይም አንዱን ውድድር እንደጨረሱ ወዲያው ለሌላው ልዘጋጅ ወይስ ልረፍ እያሉ መወሰን ለተቸገሩት።

እንድጽፍበት ያነሣሣኝ አንድ ወጣት ነው። ታሪኩን በፈቃዱ፣ ማንነቱን ሳልገልጽ አካፍላችኋለሁ። የካቲት መግቢያ ላይ ወደ ምርመራ ክፍሌ የገባው ከእናቱ ጋር ነበር። ዕድሜው 27 ነው። ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት ወፍራም ጃኬት ደርቧል። እናቱ ቀድመውት መናገር ጀመሩ። «ዶክተር፣ ልጄን ሁልጊዜ ይበርደዋል። ሌሊት በብርድ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቤለት እንኳ ይንቀጠቀጣል። ሲበላ አየዋለሁ፤ ግን የበላ ሰው አይመስልም።» ልጁ አፍሮ ፈገግ አለ። «እማዬ ታጋንናለች፤ እኔ ደህና ነኝ። የመጣሁት ለውድድር የጤና ማስረጃ እንዲጽፉልኝ ነው» አለኝ።

ከአሥር ቀን በፊት በሰውነት ግንባታ ውድድር ተሳትፎ ሁለተኛ ወጥቷል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ውድድር አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አሥር ሳምንት ገደማ ነው። አሠልጣኙ «ሰውነትህ አሁን ተሠርቶልሃል፤ ይህን ካባከንከው እንደገና ከዜሮ ልትጀምር ነው» ብሎታል። አንደኛ የወጣው ልጅ ደግሞ በሁለተኛው ውድድር እንደማይሳተፍ ተሰምቷል። እንግዲህ ዕድሉ ተከፍቶለታል ማለት ነው።

መረመርኩት። የልብ ምቱ በደቂቃ 41፣ የደም ግፊቱ 95 በ60 ሆኖ አገኘሁት። ለረጅም ርቀት ሯጭ 41 የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ይህ ወጣት ግን ሯጭ አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት ለሥራ ቅጥር ምርመራ ሲመጣ ካርዱ ላይ የተጻፈው 68 ነበር።

እናቱ ውጭ እንዲጠብቁን በአክብሮት ጠየቅኳቸው። ብቻችንን ስንሆን የቀረው ጉድ ወጣ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃና እስኪነጋ ስለ ምግብ ያስባል፤ ስልኩ ላይ የሚያየው የምግብ አሠራር ብቻ ሆኗል። በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። እጮኛው «ሌላ ወደሃል» ብላ ካኮረፈች ወር አልፏታል። እሱ ግን ሌላ አልወደደም፤ የወንድነት ፍላጎቱ ራሱ ነው የጠፋበት። «ዶክተር፣ ይህን ለሰው እንዴት ይነግሩታል?» ሲለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

ይህ ሁሉ የአንድ ነገር ውጤት ነው። ለመድረክ የሚዘጋጅ ሰው ለወራት ሰውነቱ ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ምግብ እየበላ፣ ልምምዱን ግን ሳይቀንስ ይቆያል። ዓላማው ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ አሟጦ ጡንቻው መስመር በመስመር እንዲታይ ማድረግ ነው። ወንዶቹ መድረክ ላይ የሚቆሙት የሰውነት ስባቸው ከ4 እስከ 6 በመቶ ሲወርድ ነው። ብዙዎቻችን ስብን እንደ ትርፍ ነገር ስለምናየው ይህ ጤንነት ይመስለናል። ስብ ግን ከጎተራነቱ በተጨማሪ መልእክተኛ ነው። ሌፕቲን የተባለው ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ለአንጎላችን «ስንቅ አለ፤ አትስጋ» የሚል ወሬ ያደርሳል። ስቡ ሲያልቅ ወሬው ይቋረጣል። አንጎልም ረኃብ እንደገባ ቆጥሮ ወጪ ይቀንሳል፦ የታይሮይድ ሆርሞንን ያወርዳል፣ የልብን ምት ያዘገያል፣ ሙቀትን ይቆጥባል፣ የመራቢያ ሆርሞኖችን ይዘጋል። ልጅ ለመውለድ የማያመች ዘመን ነው ብሎ ፈርዷልና። ብርዱም፣ ንዴቱም፣ የእጮኛይቱም ኩርፊያ ከዚህ የመጡ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ምንም ዓይነት አበረታች መድኃኒት የማይወስድን አንድ የሰውነት ግንባታ ተወዳዳሪ ከውድድሩ በፊት ስድስት ወር፣ ከውድድሩ በኋላ ስድስት ወር ተከታትሎታል። ስቡ ከ14.8 በመቶ ወደ 4.5 በመቶ ወረደ። የልብ ምቱ ከ53 ወደ 27 ዝቅ አለ። ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞኑ ወደ ሩብ ያህል ተቀነሰ። ከውድድሩ በኋላ አብዛኛው ነገር ተመልሶለታል፤ ነገር ግን ጉልበቱ በስድስት ወር ውስጥ እንኳ ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። አንድ ሰው ላይ የተሠራ ጥናት መሆኑን አልዘነጋም። ሆኖም በ2017 ከፊንላንድ የወጣ ሌላ ጥናት 27 ሴት ተወዳዳሪዎችን ለአራት ወር ያህል በክብደት ቅነሳው ወቅት፣ ከዚያም ለሦስትና አራት ወር በማገገሚያው ተከታትሎ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። አብዛኞቹ ሆርሞኖች ሲመለሱ፣ የታይሮይድ ሆርሞንና ቴስቶስትሮን ግን ከመነሻቸው ዝቅ እንዳሉ ቀርተዋል። እነዚህ ሴቶች ወደ ውድድሩ የገቡት እንደ ወንዶቹ በ4 በመቶ ስብ ሳይሆን በአማካይ በ12.7 በመቶ እንደሆነ ልብ ይሏል።

እንግዲህ ሦስትና አራት ወር ያልበቃውን አካል በአሥር ሳምንት ውስጥ ሌላ መድረክ ላይ ማውጣት ምን ማለት ነው? የእኔ አቋም ግልጽ ነው። አሥር ሳምንት ከሁሉም የከፋው ርቀት ነው። ሰውነቱን በዚያ ድርቀት ላይ አቆይቶ ለመጠበቅ ይረዝማል፤ ለማገገም ደግሞ ያጥራል። በአንድ ዝግጅት ሁለት ውድድር መሳተፍ የሚፈልግ ሰው በሁለቱ መካከል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ብቻ እንዲኖር አድርጎ፣ ከመጀመሪያው አስቦበት ቢገባ አልቃወመውም። እዚህ ላይ የአሠልጣኙ ክርክር እውነት አለው፤ አንድ ጊዜ ተርቦ ሁለት ጊዜ መወዳደር፣ ሁለት ጊዜ ከመራብ ይሻላል። ከዚያ ውጭ ከሆነ ግን ከአንዱ ውድድር እስከ ቀጣዩ የክብደት ቅነሳ መጀመሪያ ቢያንስ ስድስት ወር ይለፍ እላለሁ። ከውድድር እስከ ውድድር ዓመት ሊሞላ ነው ማለት ነው። ያሳዝናል፤ ቢሆንም ከዚህ በታች የምወርድበት ምክንያት አላገኘሁም።

ወጣቱ ይህን ስነግረው መጀመሪያ ያነሣው ፍርሃት «ጡንቻዬ ይሟሟል» የሚል ነበር። ይህን ፍርሃት ከብዙዎች እሰማለሁ። መልሱ የሚያጽናና ነው። ማረፍ ማለት አልጋ ላይ መተኛት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ሳምንታት ብረቱን ትቶ የእግር ጉዞ ብቻ ማድረግ፣ ከዚያ ከወትሮው ልምምድ ሲሶውን መሥራት ይቻላል። በወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የልምምዱን መጠን ወደ አንድ ሦስተኛ ቀንሶ ለወራት መቀጠል የተገነባውን ጡንቻ ለማቆየት በቂ ነው። በፊንላንድ በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ከዚህም አልፏል። አሥር ሳምንት ሠርተው፣ አሥር ሳምንት ፈጽሞ አቁመው፣ እንደገና አሥር ሳምንት የሠሩ ሰዎች በመጨረሻ ላይ ሃያውን ሳምንት ሳያቋርጡ ከሠሩት ጋር እኩል ሆነው ተገኝተዋል። የጥናቱ ተሳታፊዎች ተወዳዳሪዎች አልነበሩም፤ ይሁንና አንዴ የተገነባ ጡንቻ መንገዱን እንደማይረሳ ያሳያል። በነገራችን ላይ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ከ1970 እስከ 1975 የሚስተር ኦሎምፒያን አሸናፊነት በተከታታይ ከወሰደ በኋላ አምስት ዓመት ከውድድር ርቆ በ1980 ሲድኒ ላይ ተመልሶ አሸንፏል። ዳኝነቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አምስት ዓመት ያረፈ ሰው መድረኩ ላይ መቆም መቻሉ ግን አያከራክርም።

ከፍርሃቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ከውድድር በኋላ ያለው አበላል ነው። ወጣቱ በአሥሩ ቀን ውስጥ ሰባት ኪሎ ጨምሯል። ውድድሩ ያለቀ ዕለት ማታ ከጓደኞቹ ጋር ክትፎ፣ ከዚያ ኬክ፣ ጠዋት ጨጨብሳ በማር፤ እያለ ቀጥሏል። ቁርጭምጭሚቱን በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ፤ አብጧል። የፋሲካ ዕለት ያለ ልክ ፈስከን የምንታመመውን የምናውቅ ሰዎች ነንና ይህ አይገርመንም፤ የእሱ ግን የወራት ረኃብ ያለበት በመሆኑ ይብሳል። ከሰባቱ ኪሎ አብዛኛው ውኃ ነው። ጡንቻ ውስጥ ተመልሶ የሚከማች እያንዳንዱ ግራም ስኳር ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይገባል፤ ጨውም ሌላ ውኃ ይይዛል። እሱ ግን መስታወት ፊት ቆሞ «ወፈርኩ፤ ተበላሸሁ» ብሎ ደነገጠ። በሁለተኛው ውድድር ላይ ለመመዝገብ ያስቸኮለው ግማሹ ምክንያት ይኸው ድንጋጤ ነው። ውድድሩን የፈለገው ለዋንጫው ብቻ አልነበረም፤ ራሱን ከምግብ የሚያስርበት ገመድ ፈልጎ ነው።

ይህ ባሕርይ የእሱ ድክመት እንዳልሆነ ለማስረዳት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ጥናት ነገርኩት። አንሴል ኪስ የተባሉት ተመራማሪ 36 ጤናማ ወንዶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በግማሽ ረኃብ እንዲቆዩ አደረጉ። ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። ሰዎቹ ምግብን ብቻ የሚያወሩና የሚያልሙ ሆኑ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ የማይጠግቡ ነበሩ። ስባቸው ከጡንቻቸው ቀድሞ፣ ከበፊቱም በልጦ ተመለሰ። ወጣቱ ይህን ሲሰማ «እኔ ብቻ የተበላሸሁ መስሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ ቀን ምክሬ ሁሉ ይህ የበለጠ የጠቀመው ይመስለኛል።

ስለዚህ ከውድድር ማግስት ያለው ዕቅድ ከውድድር በፊት መጻፍ አለበት። ምግቡን እንደ ዝግጅቱ ወቅት ሰዓት አስይዞ፣ ነገር ግን መጠኑን በአንድ ጊዜ ክብደት ወደማይቀንስበት ደረጃ ከፍ አድርጎ መቀጠል። በየሳምንቱ በጭልፋ እየለኩ እጅግ ቀስ ብሎ መጨመር የሚመክሩ አሠልጣኞች አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ያ ረኃቡን በሌላ ስም ማራዘም ነው። የተወሰኑ ኪሎዎች መመለስ አለባቸው። የሆድ መስመር መጥፋትም አለበት። ያለዚያ አንጎል ያቋረጠውን ወሬ መልሶ አይሰማም።

እናቱ ተመልሰው ሲገቡ የጠየቁኝ ሌላ ነበር። «ጾሙ ሊገባ ነው፤ ይጹም ወይስ አይጹም ይላሉ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ለተወዳዳሪ ከዚህ የተሻለ የዕረፍት ወቅት አይገኝም ብል ብዙ አሠልጣኞች ይገርማቸዋል። የጾም ምግብ ጡንቻ አያፈርስም። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ባቄላው፣ ሱፉና ለውዙ ሲጨመርበት በቂ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ከወራት ረኃብ የወጣ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ውሎ በአንድ ማዕድ የሚያስፈልገውን ሁሉ መብላት አይችልም። ስለዚህ «ከሥጋና ከወተት ይከልከል፤ የሰዓቱን ነገር ግን ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት፤ እኔ ሕመምተኛ ነው ብዬ እጽፍለታለሁ» አልኳቸው። ሙስሊም ተወዳዳሪዎችም ውድድራቸው ከረመዳን ጋር ሲቀራረብ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ስለ ሴት ተወዳዳሪዎች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የወር አበባ መቅረት በዝግጅት ወቅት «የተለመደ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የተለመደ መሆኑ ጤና አያደርገውም። ኤስትሮጅን ሲጠፋ አጥንት ይሳሳል፤ በሃያዎቹ ዕድሜ የጠፋ አጥንት ደግሞ እንደ ጡንቻ በቀላሉ አይመለስም። ሦስት ወር የቀረባት ሴት ውድድሩን ሳይሆን ሐኪሙን ታስብ። ሦስት ተከታታይ ወራት በጊዜው እስኪመጣላት ድረስም ሌላ ዝግጅት ባትጀምር እመክራለሁ። ለወንዱ ደግሞ መለኪያው የጠዋት የልብ ምቱ ወደ ራሱ ወትሮ መመለሱ፣ እንቅልፉ፣ ፍላጎቱ፣ ከቅነሳው በፊት ያነሣው የነበረውን ክብደት እንደገና ማንሣቱና ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ አለማሰቡ ነው።

የላቦራቶሪ ምርመራ ለማድረግ የምትመጡ ስፖርተኞች ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ከባድ ልምምድ አቁማችሁ ኑ። ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት የጉበት መለኪያዎች ከተጎዳ ጡንቻም ስለሚወጡ፣ ብረት ገፍቶ በማግስቱ ደም የሰጠ ሰው ያልታመመውን ጉበት ታሟል ሊባል ይችላል። ክሪያቲኒን የተባለው የኩላሊት መለኪያም በጡንቻ ብዛት ከፍ ይላል፤ ብረት እንደምትገፉና ምን ማሟያ እንደምትወስዱ ለሐኪሙ ንገሩ። ቴስቶስትሮን የሚለካው ጠዋት፣ ምግብ ሳይበላ ነው።

ይህ ወጣት መርፌም ክኒንም እንደማይወስድ ነግሮኛል፤ አምኜዋለሁ። ለሚወስዱት ግን የውድድሮች መቀራረብ ከሁሉ የከፋ አደጋ አለው። ከመድረክ በፊት ቆዳን ለማድረቅ የሚወሰደው የሽንት መድኃኒት የሰውነትን ፖታሲየም አዛብቶ ልብን ሊያቆም ይችላል። መሐመድ ቤናዚዛ በ1992 በኔዘርላንድስ የሞተው ከውድድሩ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ነበር። ኦስትሪያዊው አንድሪያስ ሙንዘር በመጋቢት 1996 በ31 ዓመቱ ሲሞት ከታላቁ አርኖልድ ክላሲክ ውድድር ከወረደ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። በ2025 በአውሮፓ የልብ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ20 ሺህ በላይ ወንድ ተወዳዳሪዎችን መዝግቦ 121 ሞት አግኝቷል፤ የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ 45 ነበር። በሙያ ደረጃ የሚወዳደሩት ድንገተኛ የልብ ሞት ከአማተሮቹ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ጥናቱ የዕረፍትን ጥቅም አልለካም፤ እኔም ለካ አልልም። መርፌውን የሚወስድ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም የራሱ ሆርሞን ተኝቶ ስለሚቆይ ለከባድ ድብርት ሊጋለጥ እንደሚችል አውቆ ማቆሙን በሐኪም ክትትል ያድርገው።

አንድ ጥያቄው ላይ ግን በቂ መልስ አልነበረኝም። ወጣቱ የሚተዳደረው በጂም ቤት አሠልጣኝነት ነው። «ዶክተር፣ ሰውነቴ ማስታወቂያዬ ነው። መስመሬ ከጠፋ ደንበኛው ወደ ሌላው ይሄዳል» አለኝ። እውነቱን ነው። ስድስት ወር ዕረፉ ብሎ መምከር የወር ገቢው ከሆዱ ቅርጽ ጋር ላልተያያዘ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ቀላል ነው። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ ከመድረክ ላይ ያነሣኸውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ስቀል፤ ለደንበኞችህ ያ የአንድ ቀን መልክ እንደሆነ ንገራቸው። የጂም ቤት ባለቤቶችም አሠልጣኝ ሲቀጥሩ የገዛ ሆዱን ከማየት ይልቅ ያሠለጠናቸው ልጆች ከውድድር በኋላ ስድስት ወር ቆይተው ምን እንደሆኑ ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

ማስረጃውን አልጻፍኩለትም። ተናዶ ነው የሄደው። በሳምንቱ ደውሎ እንደማይወዳደር ነገረኝ፤ ከእኔ ምክር ይልቅ እጮኛው የወሰነችለት ይመስለኛል፤ ነገሩን ሁሉ ነግሯት ነበርና።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል መጣ። ጃኬቱ የለም። የልብ ምቱ 57 ሆኗል፤ እንቅልፉ ተመልሷል፤ ቴስቶስትሮኑ ከፍ ቢልም ገና ከመደበኛው በታች ነው። ሁለተኛውን ውድድር ከተመልካች ጋር ተቀምጦ አይቷል። በመጀመሪያው ውድድር ያሸነፈው ልጅ አንደኛ ወጥቷል። «እኔ ብገባ ኖሮ ዋንጫው የእኔ ነበር» አለኝ፤ ምናልባት ልክ ነው። እናቱ አሁን የሚያማርሩት እንጀራው ሦስት ቀን ሳይሞላው ማለቁን ነው። የሚቀጥለው የደም ምርመራው ሐምሌ ላይ ነው።